የላይደን ከተማ ታሪክ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሆላንድ ድረስ ሊጠይቁን የሚመጡ ዘመዶችና ወዳጆች አምስተርዳምን አይተው ሲጨርሱ፣ ሳልታክት የምወስዳቸው ወደ ላይደን ነው። ከባቡር ጣቢያው ወጥተን የመጀመሪያውን ድልድይ ሳንሻገር ጥያቄው ይጀምራል። ባለፉት ዓመታት ደጋግመው የጠየቁኝን ከነመልሱ እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ወሮቹና ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ላይደን የት ነው ያለችው? ዕድሜዋስ?

በደቡብ ሆላንድ ክፍለ ሀገር፣ በአምስተርዳምና በዘ ሄግ መካከል ነው ያለችው። አሮጌው ራይን የሚባለው ወንዝ ሁለት ክንዶች መሀል ከተማው ላይ ይገናኛሉ። እዚያው መገናኛቸው አጠገብ በሰው እጅ የተከመረ ጉብታ አለ፤ በላዩም ክብ የድንጋይ ቅጥር ቆሟል። «በርኽት» ይሉታል። ከዛሬ ዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ በፊት የአካባቢው ሰው ጎርፍ ሲመጣ ወይም ጠላት ሲነሳ የሚሸሸው ወደዚህ ነበር። ከደጋ ለመጣ ሰው ጉብታው ትንሽ ነው፤ እንደ ጠረጴዛ በተነጠፈ አገር ላይ ግን ከዚያ ሆኖ ከተማው በሙሉ ይታያል።

የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የተባረከው በ1121 ነው፤ የከተማነት መብቷ የጸናው ደግሞ በ1266። ቤተ ክርስቲያኑ በባሕር ላይ ያሉ መርከበኞች ሳይቀር አቅጣጫ የሚይዙበት እጅግ ረጅም ግንብ ነበረው። በ1512 ተናደ፤ መልሶ የሠራው የለም። ዛሬ የምናየው ግዙፍ ሕንፃ ያለ ግንብ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

የቆረቆሯት ሮማውያን ናቸው የሚባለው እውነት ነው?

ከተማዋን ሮማውያን አልቆረቆሯትም። ድሮ የታተሙ መጻሕፍት ላይደንን በላቲን «ሉግዱኑም ባታቮሩም» ስለሚሏት ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ በዚያ ስም የሚጠራው የሮማውያን ቦታ ግን ወደ ባሕሩ ዳርቻ፣ ካትቫይክ አካባቢ ነበር። ያም ሆኖ ሮማውያን ጭራሽ አልደረሱባትም ማለት አይደለም። ዛሬ የከተማዋ አንድ ሰፈር በሆነው ቦታ ላይ ማቲሎ የተባለ የጦር ሰፈር ነበራቸው። ራይን የግዛታቸው ሰሜናዊ ድንበር ነበርና ጠባቂ ጦር በዳርቻው ተርታውን ሰፍሮ ይኖር ነበር። ይህ የድንበር መስመር በ2021 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

የከተማዋ ምልክት ለምን ቁልፍ ሆነ?

ነጭ ላይ የተጠላለፉ ሁለት ቀይ ቁልፎች በየድልድዩና በየቤቱ ግንባር ላይ ታያላችሁ። የቅዱስ ጴጥሮስ የመንግሥተ ሰማያት ቁልፎች ናቸው፤ የከተማዋ ጠባቂ ቅዱስ እሱ ነበርና። ሆላንዶች እስከ ዛሬ «የቁልፍ ከተማ» ይሏታል። እኔ ስሙን የምወደው ለሌላ ምክንያት ነው፤ የዚህች ከተማ ታሪክ በሯን ለማን እንደዘጋችና ለማን እንደከፈተች የሚናገር ታሪክ ስለሆነ።

በ1574 የሆነው ምንድን ነው? ሰው ሁሉ ለምን ያነሳዋል?

ይህን ሳያውቁ ላይደንን ማወቅ አይቻልም፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገር።

በዚያ ዘመን ሆላንድ በእስፓኙ ንጉሥ በፊሊጶስ 2ኛ ሥር ነበረች። ግብሩ ሲከብድ፣ በፕሮቴስታንቶች ላይም የሞት ፍርዱ ሲበዛ፣ ሕዝቡ በኦራንዡ ልዑል በቪለም መሪነት ሸፈተ። ላይደንም በ1572 ከሸፈቱት ወገን ገባች። እስፓኞቹ በ1573 መገባደጃ ከበቧት፤ በማርች 1574 ሌላ ግንባር ስለተከፈተባቸው ትተዋት ሄዱ። ትልቁ ስህተት የተሠራው ያን ጊዜ ነው። ክፉው ቀን ያለፈ መስሏቸው ጎተራቸውን በቅጡ ሳይሞሉ፣ ጠላት ትቶት የሄደውንም ምሽግ አፍርሰው ሳይጨርሱ ከረሙ። በሜይ 26 የፍራንሲስኮ ዴ ቫልዴዝ ጦር ተመልሶ መጣና መግቢያ መውጫውን ሁሉ ያዘ።

ቫልዴዝ በቅጥሩ ላይ ሰው ማስጨረስ አልፈለገም። ረሃብ ይጨርስልኛል ብሎ ተቀመጠ። መጀመሪያ እህሉ አለቀ፤ ቀጥሎ ከብቱ፤ ከዚያ ፈረስ፣ ውሻ፣ ድመትና አይጥ ተበላ። በላዩ ላይ ቸነፈር ገባ። ከነዋሪው ሲሶ ያህሉ እንዳለቀ ይገመታል። የማዕድን ገንዘብ ስላጠራቸው ከካቶሊክ የጸሎት መጻሕፍት የተቆረጡ ወረቀቶችን ደራርበው እያጣበቁ ሳንቲም ቀረጹ። በአንዱ ላይ በላቲን «ይህ ስለ ነጻነት ነው» የሚል ጽሑፍ አለ። ከእነዚህ ሳንቲሞች አንዱን በመስታወት ውስጥ አይቻለሁ፤ እንደ ካርቶን ነው፣ ጠርዙ ተበልቷል። የጸሎት መጽሐፉን ቀድዶ ገንዘብ ያደረገው ሰው በዚያ ሰዓት ምን እያሰበ እንደነበር ሳስብ ሁልጊዜ ከዚያ መስታወት ፊት እዘገያለሁ።

ከውጭ ያለው ቪለም ጦሩን በየብስ አምጥቶ ከበባውን ሊሰብር አቅም አልነበረውም። በእጁ የቀረው ባሕሩ ነበር። ይህ አካባቢ አብዛኛው ከባሕር ወለል በታች ነው፤ በግድብ ነው የሚኖረው። እንግዲህ ግድቡን ቆርጠን ውሃውን እናስገባ፣ መርከቦቻችንም በማሳው ላይ እየቀዘፉ ላይደን ይድረሱ ተባለ። «ከጠፋ አገር የተበላሸ አገር ይሻላል» ይባል ነበር። ከኦገስት ጀምሮ በሮተርዳም አካባቢ ያሉ ግድቦች ተቆረጡ። የገበሬው አዝመራ፣ ግጦሹ፣ ቤቱ ውሃ ገባበት። የላይደን መዳን ሲተረክ የእነዚያ ገበሬዎች ነገር ብዙ ጊዜ ሳይነሳ ማለፉ ያሳዝነኛል።

ውሃው ግን እንደታሰበው ቶሎ አልሞላም። የአድሚራል ቧሶ መርከቦች ጥልቅ ውሃ የማይሹ ጠፍጣፋ ጀልባዎች ቢሆኑም በየማሳው ጭቃ ላይ እየተቀመጡ ሳምንታት አለፉ። ከከተማዋ ጋር መልእክት የሚለዋወጡት በእርግብ ነበር፤ የእርግቦቹ ባለቤቶች ከዚያ በኋላ «የእርግብ መልእክተኛ» የሚል የቤተሰብ ስም ተሰጣቸው። በመጨረሻ በኦክቶበር መባቻ ማዕበል ተነሳ፣ ነፋሱ ባሕሩን ወደ ውስጥ ገፋው፣ ጀልባዎቹም ከጭቃው ተነሱ። በ2 ለ3 አጥቢያ ሌሊት የከተማዋ ቅጥር አንዱ ክፍል በታላቅ ድምፅ ተናደ። ውሃው ከኋላ የከበባቸው እስፓኞች ግን ገብተው አልዘረፉም፤ በጨለማ ሸሹ። ጠዋት ላይ ጀልባዎቹ ዳቦና ሄሪንግ ዓሣ ጭነው በቦዮቹ ገቡ።

ከንቲባው «ክንዴን ቆርጣችሁ ብሉ» ብሎ ነበር?

እንዲህ ይተረካል። ረሃብ የጠናባቸው ነዋሪዎች «በሩን ክፈትና እንገላገል» ብለው ሲጮኹበት፣ ከንቲባ ፒተር ቫን ደር ቬርፍ «እጄን አልሰጥም፤ ከፈለጋችሁ ሥጋዬን ተካፈሉት» አለ ይባላል። የታሪክ ሰዎች በቃሉ ይጠራጠራሉ፤ ይልቁንም ስለ ጽናታቸው በስም ከሚነሱት መካከል ጦሩን ያዘዘው ገጣሚ ያን ቫን ደር ዱስና የከተማዋ ጸሐፊ ያን ቫን ሃውት አሉ። ቃሉ ተባለም አልተባለ፣ ከንቲባው በስሙ በተሰየመው መናፈሻ ውስጥ ሐውልት ሆኖ ቆሟል።

በየዓመቱ ኦክቶበር 3 ምን ይደረጋል?

ከተማው ሥራ ይፈታል። ጠዋት በድሮው የሚዛን ቤት ለነዋሪው ሄሪንግና ነጭ ዳቦ በነጻ ይታደላል። ሰልፉ ረጅም ነው። አንዲት አሮጊት ዳቦዋን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ በሁለት እጇ ይዛ ስትሄድ ያየሁት አይረሳኝም፤ መስቀል ወይም ጥምቀት ላይ ያለ ሰው አያያዝ ነበር። በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የምስጋና ጸሎት ይደረጋል፤ ሰልፍና ሙዚቃ አለ፤ ማታ ርችት።

ማታ የሚበላው ደግሞ «ኹትስፖት» ነው፤ ድንች፣ ካሮትና ሽንኩርት ተቀቅሎ ተፈጭቶ ከሥጋ ጋር ይቀርባል። እንደሚተረከው ኮርኔሊስ ዮፐንስዞን የሚባል የሙት ልጅ በዚያ ጠዋት እስፓኞቹ ወደ ተዉት ምሽግ ሾልኮ ሄዶ፣ እሳት ላይ የተጣደ የነሐስ ድስት ወጥ እንዳለበት አገኘ። ድስቱ ነው የሚባለው ዕቃ እስከ ዛሬ በላከንሃል ሙዚየም ይታያል። ያን ጊዜ ድንች እዚህ አገር አይበላም ነበር፤ ከሥጋው ጋር የነበረው ሽንኩርትና ሥራሥር ነው።

ዩኒቨርሲቲው የጽናታቸው ሽልማት ነው?

አዎ። ቪለም ከግብር ነጻ መሆንና ዩኒቨርሲቲ አማርጧቸው ዩኒቨርሲቲውን መረጡ የሚለው ጨዋታ ተረት ሳይሆን አይቀርም። የማይጠረጠረው ፍጥነቱ ነው። ከበባው በኦክቶበር አበቃ፤ ዩኒቨርሲቲው ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1575 ተከፈተ። ሙታኑን ቀብሮ ያልጨረሰ ከተማ በአራት ወር ትምህርት ቤት ከፈተ! ዛሬ ኔዘርላንድስ ውስጥ ካሉት ሁሉ አንጋፋው ነው፤ መፈክሩም «የነጻነት ምሽግ» ይላል። የመመሥረቻው ደብዳቤ የወጣው በዚያው በሚወጉት በንጉሥ ፊሊጶስ ስም መሆኑም ያስደንቃል። ልዑሉ በሕግ ፊት ገና ንጉሡን አልካደም ነበርና።

ከ1581 ጀምሮ ዋናው ሕንፃ በራፐንበርኽ ቦይ ዳር ያለው የቀድሞ የመነኮሳይያት ገዳም ነው። እዚያ ውስጥ ተማሪዎች ፈተና ገብተው ውጤት የሚጠብቁበት «የላብ ክፍል» የምትባል ጠባብ ክፍል አለች፤ ያለፈ ሁሉ ስሙን ግድግዳው ላይ ይጽፋል፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ፊርማ ነው። ከኋላ ያለው የዕፅዋት አትክልት ቦታ በ1590 የተመሠረተ ሲሆን፣ ክሉሲዩስ የተባለው ሊቅ የተከለው ቱሊፕ በ1594 እዚያ አበበ።

ሀብቷ ከየት መጣ?

ከሱፍ ጨርቅ፤ ጨርቁ ደግሞ ከስደተኛ እጅ። ከ1577 ጀምሮ ከፍላንደርስ ጦርነትና ስደት ያፈናቀላቸው ሸማኔዎች በብዛት ገቡ። ከበባው ያራቆታት ከተማ የሰው ያለህ ትል ነበርና ተቀበለቻቸው። እነሱም ሙያቸውን ይዘው መጡ። በ1622 ቆጠራ ነዋሪዋ ወደ 45,000 ደርሶ ነበር፤ ኋላም ከአምስተርዳም ቀጥሎ የሆላንድ ሁለተኛ ከተማ ሆነች። የላይደን ጨርቅ የሚመረመርበትና በእርሳስ ማኅተም የሚታተምበት ቤት በ1640 ተሠራ፤ የዛሬው ላከንሃል ሙዚየም ይኸው ነው።

ጥላውንም መናገር ይገባል። ጨርቁ የተሠራው በሕፃናት እጅ ጭምር ነው። ዛሬ ቤልጂየም ውስጥ ካለችው ከሊየዥ ከተማ አካባቢ ሳይቀር ልጆች እየመጡ በሸማኔ ቤቶች ይቀጠሩ ነበር። ሠራተኛው በአንዲት ክፍል ከነቤተሰቡ ታጉሮ ስለሚኖር ቸነፈር በመጣ ቁጥር ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነበር። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ገበያው በርካሽ የውጭ ጨርቅ ተወስዶ ከተማዋ ደኸየች፤ በ1800 ገደማ ነዋሪዋ ወደ 30,000 ወርዶ ነበር። ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች ያሉ ልጆችን በፋብሪካ መቅጠር በሕግ የተከለከለው በ1874 ነው።

ወደ አሜሪካ የተሻገሩት ፒልግሪሞች እዚህ ኖረዋል?

ኖረዋል። በእንግሊዝ በሃይማኖታቸው የተሳደዱ መቶ ያህል ሰዎች በ1609 ለመግባት ፈቃድ ጠየቁ፤ የከተማው ሹማምንት ሕግ አክብሮ በጨዋነት የሚኖርን ሰው አንከለክልም ብለው መለሱላቸው። አሥራ አንድ ዓመት ሸማ እየሠሩ ኖሩ። ከሄዱበት ምክንያት አንዱ ልጆቻቸው ሆላንዳዊ እየሆኑባቸው መምጣቱ ነበር፤ ይህን ስናገር አብረውኝ ያሉ ወላጆች ሁሉ ዝም ይላሉ። በ1620 ከፊላቸው ወጥተው በሜይፍላወር መርከብ ተሻገሩ። መጋቢያቸው ጆን ሮቢንሰን ግን እዚሁ ቀርቶ በ1625 ሞተ፤ የተቀበረውም በቅዱስ ጴጥሮስ ነው።

ሠዓሊው ሬምብራንት የተወለደበት ቤት አለ?

ቤቱ የለም፤ በቦታው መታሰቢያ ጽሑፍ አለ። የወፍጮ ባለቤት ልጅ ነበር፣ በጁላይ 15 ቀን 1606 ተወለደ፣ በላቲን ትምህርት ቤት ተማረ። ከ1631 ገደማ ጀምሮ ኑሮው አምስተርዳም ሆነ። ሌላው ሠዓሊ ያን ስቴንም የላይደን ልጅ ነው።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኛት ነገር ይኖራል?

አለ፤ እኔንም መጀመሪያ ወደ ላይደን ታሪክ የሳበኝ ይኸው ነው። በ1593 ወደዚህ የመጣው ታላቁ ሊቅ ዮሴፍ ስካሊገር ስለ ሕዝቦች የዘመን አቆጣጠር በጻፈው ሥራው የኢትዮጵያንም ባሕረ ሐሳብ መርምሯል። ቀጥሎ ሂዮብ ሉዶልፍ አለ። በ1624 በጀርመን ኤርፉርት ተወልዶ ላይደን ድረስ መጥቶ ቋንቋ ያጠና ወጣት ነበር። በ1649 ሮም ላይ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ። አባ ጎርጎርዮስ የአምሐራ መካነ ሥላሴ ሰው ናቸው። በ1652 ደግሞ ጀርመን ጎታ ድረስ ተጉዘው አብረው ሠሩ። ሉዶልፍ የግዕዙን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ የኢትዮጵያን ታሪክና በ1698 በአውሮፓ የመጀመሪያውን የአማርኛ ሰዋስው ያሳተመው ከእሳቸው በተማረው ላይ ቆሞ ነው። እሳቸው ግን ያንን ሳያዩ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከብ ሰጥሞ ሞቱ። በራፐንበርኽ ዳር ስሄድ ሉዶልፍ በዚህ በኩል አልፎ ይሆናል እላለሁ፤ ያወቀውን ግን ያወቀው ከአንድ አምሐራ መነኩሴ አፍ መሆኑን ልጆቼ እንዲያውቁት ሁሌም እነግራቸዋለሁ።

የዓባይም ነገር አለ። በጥንታዊ ቅርሶች ሙዚየም መግቢያ አዳራሽ ውስጥ የታፋ ቤተ መቅደስ እንዳለ ቆሟል። የአስዋን ግድብ ሲሠራ በውሃ ሊዋጡ የነበሩ የኑቢያ ቅርሶችን ለማዳን ሆላንድ ስለረዳች ግብፅ የሰጠችው ነው።

መሀል ከተማ ላይ ያ ሰፊ መናፈሻ እንዴት ተረፈ?

አልተረፈም፤ ፍርስራሽ ነው። በጃንዋሪ 12 ቀን 1807 ባሩድ የጫነ መርከብ ቦዩ ዳር ቆሞ ሳለ ፈነዳ። 151 ሰው ሞተ፤ ሁለት ሺህ ያህል ቆሰለ፤ በዙሪያው የነበሩት ቤቶች ወደሙ። ያን ጊዜ የሆላንድ ንጉሥ የነበረው የናፖሌዎን ወንድም ሉዊ በዚያው ምሽት መጥቶ የማዳኑን ሥራ ራሱ አስተባበረ። ቦታው ለብዙ ዓመታት ባዶውን ቆየ። ኋላ በአንዱ ወገን መናፈሻ ተተከለ፤ በሌላው ወገን የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ተሠራ።

በዚያ ቤተ ሙከራ ነው የፊዚክስ ሊቁ ካመርሊንግ ኦነስ በጁላይ 10 ቀን 1908 ሂሊየም የተባለውን ጋዝ በ269 ዲግሪ ከዜሮ በታች ገደማ አቀዝቅዞ ፈሳሽ ያደረገው። በ1911 ሜርኩሪ በዚያ ቅዝቃዜ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች መሰናክል እንደሚያሳልፍ አየ፤ በ1913 ኖቤል ተሸለመ። ዛሬ በሆስፒታል የምናውቀው የኤምአርአይ ማሽን የሚሠራው በዚህ ግኝት ነው፤ ማግኔቱን የሚያቀዘቅዘውም ያው ፈሳሽ ሂሊየም ነው። ሕንፃው አሁን የሕግ ፋኩልቲ ሆኗል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምን ሆነች?

ጀርመኖች በ1940 አገሩን ከያዙ በኋላ አይሁድ መምህራን ከሥራ እንዲታገዱ አዘዙ። ከታገዱት አንዱ የተከበሩት የሕግ ፕሮፌሰር ኤድዋርድ ማየርስ ነበሩ። በኖቬምበር 26 ማየርስ ሊያስተምሩ በሚገባቸው ሰዓት የፋኩልቲው ዲን ሩዶልፍ ክሌቨሪንጋ ገቡ። የእገዳውን ደብዳቤ አነበቡ፤ ከዚያ ስለ መምህራቸው ማንነትና ስለ ሥራቸው ትልቅነት በዝግታ ተናገሩ። ሲጨርሱ ተማሪው ቆሞ የአገሩን መዝሙር ዘመረ፤ ንግግሩም በታይፕ እየተባዛ በአገሩ ተሰራጨ። ተማሪዎች አድማ መቱ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፣ ክሌቨሪንጋም በማግሥቱ ታሰሩ። ማየርስ ከማጎሪያ ካምፕ ተርፈው ለአገሪቱ አዲሱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ማርቀቅ ጀመሩ።

ያ ንግግር ያኮራል፤ የተከተለውን ግን አላስቀረም። በማርች 17 ቀን 1943 ማታ በከተማዋ ወደሚገኘው የአይሁድ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ፖሊስ መጣ፤ ልጆቹና አሳዳጊዎቻቸው ተወሰዱ፤ አብዛኞቹም ፖላንድ ውስጥ በነበረው የሶቢቦር የሞት ካምፕ ተገደሉ። የወሰዷቸው ከተማዋን የሚያውቁ፣ ሆላንድኛ የሚናገሩ ፖሊሶች ነበሩ። ከ1944 ወደ 1945 ባለው ክረምት ደግሞ ምዕራብ ሆላንድ ዳግመኛ ተራበ፤ ሰው የቱሊፕ ሥር ቀቅሎ በላ።

ግማሽ ቀን ብቻ ነው ያለኝ፤ የቱን ልይ?

ከጣቢያው በእግር ተነሱ። መንገድ ላይ በ1743 የተሠራው ደ ፋልክ የነፋስ ወፍጮ አለ። ከዚያ ላከንሃል ገብታችሁ ድስቱን እዩ። በብሬስትራት ጎዳና የማዘጋጃ ቤቱን ፊት እዩት፤ በ1929 ክረምት ሕንፃው ሲቃጠል የተረፈው ያ ግንባር ነው። እግረ መንገዳችሁን ቀና በሉ፤ ከ1992 ጀምሮ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ከመቶ በላይ ግጥሞች በየቋንቋቸውና በየፊደላቸው ተጽፈዋል። ራፐንበርኽን ይዛችሁ ወደ አትክልቱ ቦታ፣ ከዚያ ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ። በርኽትን ለመጨረሻ አቆዩት። መግቢያው በነጻ ነው። ደረጃውን ወጥታችሁ በቅጥሩ ላይ ዙሩና በደቡብ በኩል ቁሙ። በ1574ቱ ከበባ ነዋሪዎቹ ሸራ ይታይ እንደሆነ ብለው አሻግረው ያዩ የነበረው ወደዚያ ነው።